ለሁሉም አልጋ አንድ መስመር፦ የእትዬ ወንፊት የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እትዬ ወንፊት እያልን የኖርነው እናታችን በ1946 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች መኖሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የጣቢያው የሻንጣ ክፍል ኃላፊ፣ እናታቸው ደግሞ የከተማው ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከእሳቸው በኋላ አንድ ወንድም ተወልዷል፤ እኚህም ዛሬ በመካከላችን ያሉት ልብስ ሰፊው አጎታችን ናቸው። ይህን ታሪክ እንድትጽፍ ቤተሰቡ የመረጠው ምራታቸውን፣ የአናጢው ልጃቸውን ሚስት ነው። ለምን እሷን እንደመረጠ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል።

እትዬ ወንፊት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ስልክ ቤቱ ይሄዱ ነበር። እዚያም ከእናታቸው ወንበር ጀርባ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እናታቸው ቀዳዳ በሞላው ሰሌዳ ፊት ሆነው፣ ገመድ እየነቀሉ ገመድ እየሰኩ መላ ከተማውን ሲያነጋግሩ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ነጋዴው ቸኩሏል፣ ጠበቃው ቸኩሏል፣ ለወሬ የምትደውለዋ አማችም ቸኩላለች። እናታቸው ግን ደዋዩ የሚለውን ሳይሆን የትኛው መብራት እንደበራ ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን የማዋለጃው መብራት ሲበራ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ንግግር መሐል ላይ ቆርጠው መስመሩን ለአዋላጇ ሰጡ። ልጃቸው ደንግጠው ቀና ሲሉ፣ «ልጄ፣ ቸኩያለሁ የማይል ደዋይ የለም። አንቺ ከየት እንደሚደውል እዪ» አሏቸው። ይህን ነገር እትዬ ወንፊት እስከ እርጅናቸው ድረስ፣ ተአምር እንዳየ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

በ1964 ዓ.ም. ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። በክፍሉ ውስጥ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መምህሩ መበየጃውን ባቀበሏቸው ቁጥር «እጅሽን እንዳታቃጥይ» ይሏቸው ስለነበር፣ በሦስተኛው ወር መምህሩ የራሳቸውን እጅ ሲያቃጥሉ ቅባቱን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። በ1967 ዓ.ም. ተመርቀው እናታቸው በሚሠሩበት ስልክ ቤት በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከነበራቸው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ወንዱ አናጢ፣ ሴቷ ፋርማሲስት ናቸው። ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. አርፈዋል።

አውቶማቲኩ መሣሪያ መጥቶ የኦፕሬተሮቹ ሰሌዳ እንዲነሣ ሲታዘዝ፣ እንዲነቅሉት የተመደቡት እትዬ ወንፊት ነበሩ። እናታቸው አጠገባቸው ቆመው፣ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ በአንድ ጣሳ እያጠራቀሙ፣ የዕድሜ ልክ ወንበራቸው ሲፈርስ ተመለከቱ። አንዳቸውም አላለቀሱም። ማታ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።

ዕድሜያቸው አርባ ሲቃረብ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ የኮምፒውተር ኔትወርክ ሥልጠና ወስደው የአዲሱ ዘመን መሐንዲስ ሆኑ። ስማቸውን ያገኙትም ከዚያ በኋላ በሠሩት ስህተት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጠው፣ በከተማው ሌላኛው ዳርቻ ባለ ቅርንጫፍ ውስጥ ለሚገኝ አንድ መሣሪያ «እነዚህን አስገባ፣ ሌላውን ሁሉ መልስ» የሚል ትእዛዝ ጻፉለት። ከሚገቡት መካከል ግን የራሳቸውን ኮምፒውተር መጻፍ ረሱ። መሣሪያውም እንደ ታማኝ ዘበኛ የታዘዘውን ፈጸመና በመጀመሪያ እሳቸውን አስወጣ። በዝናብ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ቅርንጫፉ ሲደርሱ ጥበቃው ነገሩን አስረዱኝ አሏቸውና ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ቤትሽን ቆልፈሽ ቁልፉን ውስጥ ጥለሽ ወጣሽ ማለት ነው» አሉ። ወንድማቸው ደግሞ ማታ ሲነገራቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ተረቱባቸው። ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው «ራሷን እንኳ የማታሳልፍ ወንፊት አየን» ብለው ስም አወጡላቸው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያ ላይ አንዳች ነገር ከመቀየራቸው በፊት፣ «ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደኅና ነኝ ካላልኩህ ወደ ነበርክበት ተመለስ» የሚል ትእዛዝ ያስቀድሙ ነበር። ይህ ልማድ ቤት ድረስ ገባ። የሳሎኑን ወንበሮች ቦታ ሲቀያይሩ «እስከ እሑድ የወደደው ከሌለ ይመለሳል» ይሉናል፤ እሑድ ሲደርስም ያለ ክርክር ይመልሱታል።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ከተማው ትልቅ ሆስፒታል ተዛወሩ። እዚያ የሠሩትን ለመናገር መሣሪያውን ትንሽ ማስረዳት ግድ ይላል። በሆስፒታሉ ውስጥ የስልኩ ድምፅ፣ የራጁ ምስል፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰነድ፣ የበሽተኛው የልብ ምት መቆጣጠሪያ የሚያሰማው ጩኸት፣ ሁሉም በትንንሽ እሽግ እየተቆራረጠ በአንድ ገመድ ይሄዳል። መንገዱን የሚያካፍለው ስዊች የሚባለው ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ለስዊቹም ማጣሪያ የሚባሉ የትእዛዝ መስመሮች ይጻፉለታል፤ ከዚህ የመጣ ይለፍ፣ ከዚያ የመጣ ይቆይ እያሉ። እሱም ከላይ ወደ ታች ሄዶ መጀመሪያ በገጠመው መስመር ይፈርዳል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዷ እሽግ፣ ዓይን ተርገብግባ ሳትጨርስ ያደርገዋል። እትዬ ወንፊት ይህን ከሃያ ዓመት በላይ ሲያዩት ኖረውም አልለመዱትም ነበር። መሣሪያ ክፍሉ ሲገቡ መዳፋቸውን በሞቀው ሣጥን ላይ አሳርፈው፣ «እናቴ ዕድሜ ልኳን የሠራችውን ይኼ በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል። ታዲያ የነገርነውን እንጂ ሌላ አያውቅም» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአዲሱ ሕንፃ ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ክፍል ተከፈተ። እያንዳንዱ ሕፃን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ እስትንፋሱን የሚከታተል መሣሪያ ይገጠምለታል፤ ትንፋሹ ቀጥ ካለ በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ መብራት ይበራል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት፣ የራጅ ክፍሉ ምስሎቹን በሚልክበት ሰዓት፣ መብራቱ እየዘገየ ይበራ ጀመር። መሣሪያዎቹን የሸጠው ድርጅት የእኔ ዕቃ ደኅና ነው አለ። አስተዳደሩ ትልልቅ ስዊቾች ይገዙ ብሎ ወሰነ፤ እነሱም ከብዙ ወራት በፊት አይደርሱም። የክፍሉ ዋና ነርስ እስከዚያው በየአልጋው ሰው እንዳያቆሙ በቂ ነርስ አልነበራቸውም። ያንን ጊዜ በዚያ ክፍል የሠራ ሰው ዛሬም ሲያነሣው ፊቱ ይለወጣል።

እትዬ ወንፊት ወደ ምድር ቤቱ ወርደው የስዊቾቹን ማጣሪያ አንድ በአንድ አነበቡ። ስዊች ማጣሪያውን የሚያኖርበት ቦታ ጠባብ ነው፤ የቁም ሣጥን መሳቢያ በሉት። መሳቢያው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከላይ የዳይሬክተሩ ስልክ ይቅደም የሚል መስመር አለ። ቀጥሎ የጸሐፊያቸው፣ ቀጥሎ የሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ ደግሞ ኳስ ማየት የሚወድ የአንድ ሐኪም ክፍል። በየዓመቱ አንድ ሰው ለእኔ ብቻ ብሎ የለመነው ሁሉ ተጽፎለት፣ ያም በየኬብሉ መሰኪያ እየተገለበጠ ተቀምጧል። የሕፃናቱ መስመሮች መጨረሻ ላይ የተጻፉ ስለነበሩ ቦታ አልተረፈላቸውም። መስመሮቹ ሲጻፉ ስዊቹ «ቦታ የለም» ብሎ አንዴ አጉረምርሞ ዝም አለ፤ ማጉረምረሙን የሰማለትም የለም። የሕፃናቱም ጩኸት እንደማንኛውም ሰነድ ከራጅ ምስሎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። እትዬ ወንፊት ያን ምሽት ቤት መጥተው፣ «ማንም ክፉ አላሰበም እኮ። ሁሉም የለመነው አንድ አንድ መስመር ነው» አሉና ራት ሳይበሉ ተኙ።

የሠሩት ሥራ ለማያውቀው ትንሽ ይመስላል፤ የሚያውቁት ግን እጃቸውን በአፋቸው ጭነዋል። የሕፃናቱ መሣሪያዎች ቁጥር የተሰጣቸው እንደ መጡበት፣ የተበታተነ ስለነበር ለእያንዳንዱ አልጋ የራሱ መስመር ያስፈልገው ነበር። እሳቸው ከዋና ነርሷ ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞሩ፣ ሕፃናቱን ሳይቀሰቅሱ፣ ሁሉንም በአንድ መንገድ ዳር እንደተሠሩ ቤቶች ተከታታይ ቁጥር ሰጧቸው። ያን ጊዜ «ከዚህ ሰፈር የመጣ ይቅደም» የምትል አንዲት መስመር ለሁሉም በቃች። ማጣሪያውንም በየመሰኪያው መገልበጥ ትተው፣ አንዴ ጽፈው ሁሉም መሰኪያ እንዲጋራው አደረጉ። እሽጉ በመጀመሪያው በር ላይ ይለይና ምልክት ይደረግበታል፤ ውስጥ ያሉት ስዊቾች ምልክቱን ብቻ አይተው ያሳልፉታል። ዕቃዎቹ በራሳቸው ላይ የለጠፉትን «አስቸኳይ ነኝ» የሚል ምልክት ግን አላመኑም፤ በሩ ላይ አስፍቀው ጣሉት። በመጨረሻም የለእኔ ብቻ መስመሮችን በሙሉ ሰረዙ። ጢም ብሎ የነበረው መሳቢያ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት የራጅ ክፍሉ ምስሎቹን እየላከ ሳለ መብራቱን ሞከሩት፤ መብራቱም በቅጽበት በራ። ዋና ነርሷ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ አስጠሯቸው። «ከሩቅ ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ስሰበሰብ ፊቴ ቀጥ ብሎ ይቆማል አሉኝ» አሏቸው። እትዬ ወንፊትም፣ «አዎ፣ የእርስዎ ፊት ይቆማል። ታች ደግሞ ሲቆም የነበረው ትንፋሽ ነው» አሉ። ዳይሬክተሩም፣ «እንግዲያስ ፊቴ ይቁም» አሉ። ይህ ለዳይሬክተሩ ክብር ሲባል እዚህ ተጽፏል።

በታኅሣሥ ወር ምራታቸው በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ ከአንድ ጫማ የማይበልጥ ነበር። እሷ ላይኛው ፎቅ ተኝታ ሳለ ልጇ በዚያ ክፍል፣ በዚያ መስታወት ውስጥ ነበር። አባቱ አናጢው ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ መዋልና ማደር ያዘ። እትዬ ወንፊት መሳቢያው ባዶ ሆነ እያሉ ሲደሰቱ ሰምቷል፤ ስለዚህ አንድ ቀን በኮሪደሩ ላይ ያዛቸው።

«እማዬ፣ ቦታ የለም ብትይኝ ይገባኝ ነበር። ቦታ አለ ብለሽ የለም? የልጄን አልጋ ከሁሉም በላይ አድርጊልኝ። አንድ መስመር ነው።»

«ቦታማ አለ» አሉት። «ከጎኑ የተኛችዋ ልጅም አባት አላት።»

ልብስ ሰፊው አጎታችንም ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በእውነት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው የልጁን ወገን ያዙ። እትዬ ወንፊት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ልጃቸው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ። ይህ ቃል እንደወጋቸው ያወቀችው ምራታቸው ናት፤ ከዓመታት በኋላ የነገሯትም እሷን ብቻ ነው። ያን ዕለት ወደ መሣሪያ ክፍሉ ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ የልጅ ልጃቸውን አልጋ የምታስቀድመዋን መስመር ከነሙሉ ቁጥሯ ጽፈዋት ነበር። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የሰረዟቸው መስመሮች ሁሉ፣ የዳይሬክተሩም የሒሳብ ሹሙም፣ ሲጻፉ ለጻፋቸው ሰው እንዲህ ተገቢ መስለው ታይተውት እንደነበር ገባቸው። ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፏትና እያለቀሱ ደረጃውን ወጡ። ምራታቸው ይህን ስትሰማ እጃቸውን ያዘች። የራሷ ልጅ ነበርና ልትቆጣ ይገባት ነበር፤ የተሰማት ግን አድናቆት ነው፣ ከትልቅ ተራራ ሥር እንደመቆም ያለ።

ከሳምንት በኋላ፣ ራጅ ክፍሉ ምስሎቹን በሚልክበት የጠዋት ሰዓት፣ የልጅ ልጃቸውና ከጎኑ የተኛችው ልጅ ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ቆመ። በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም መብራቶች አብረው በሩ። ሁለት ነርሶች ተነሥተው ሮጡ። የቀደመችው ነርስ ወደ ልጅቷ አልጋ ሄደች፤ ሁለተኛዋ ወደ ወንዱ። ሁለቱም ሕፃናት ተነፈሱ። አናጢው ከመስታወቱ ውጭ ሆኖ ሁሉንም አይቷል፤ በልቡ የቀረው ግን የመጀመሪያዋ ነርስ የልጁን አልጋ አልፋ መሄዷ ነው። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ልጅ ተብሎ የሚገባውን ሁሉ ያደርግ ነበር፤ ይጠይቃቸዋል፣ የተሰበረ በራቸውን ያበጃል፣ የልጅ ልጃቸውን ያመጣላቸዋል። ቃሉ ግን «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ያንን ተቀብለው ኖሩ።

በ2008 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ ሥራውን ያስረከቡት ራሳቸው ላሠለጠኗት መሐንዲስ ነው። ከጡረታ በኋላ በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት፣ ረጅም ማጣሪያ ጽፎ ያመጣ ተማሪ ሥራው ትክክል ቢሆንም እንኳ «ግማሹን አስቀርተህ ያንኑ አሠራው» ተብሎ ይመለስ ነበር። ተማሪው ሲያማርር ሻይ ይጋብዙታል፤ ሥራውን ግን አይቀበሉትም።

በዘንድሮው ዓመት ልባቸው ደከመና በየካቲት ወር መጨረሻ በዚያው ሆስፒታል ተኙ። የልብ ምት መቆጣጠሪያም ተገጠመላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተተኪያቸው መሐንዲስ ልትጠይቃቸው መጣች። የተኙ ስለመሰላት ወደ ልጃቸው ጠጋ ብላ፣ «የእትዬን አልጋ ከሁሉም በላይ ላድርገው? ባዶ ቦታ ሞልቷል፤ እሳቸውም አያውቁም» አለችው። አናጢው ወደ ጎን ተመለከተ። በሚቀጥለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ ሴት ልጃቸው ብርድ ልብሱን እያስተካከለችላቸው ነበር። እሷን አየና፣ «አይሆንም። እሷም አባቷን እየጠበቀች ነው። የእናቴም እንደ ሁሉም ይሁን» ብሎ ለመሐንዲሷ መለሰላት።

እትዬ ወንፊት ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይኼን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አሉ።

«አንቺ ነሻ» አላቸው።

የኦክስጅኑ ጭምብል እስኪንሸራተት ድረስ ሳቁ። እሱ እያስተካከለላቸው ሳለ እጁን ያዙት፤ እስከ ምሽትም አለቀቁትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እናትና ልጅ የዓመታቱን ወሬ አወሩ፤ ነርሶቹ ዕረፍት ይፈልጋሉ ብለው ቢቆጡም የሰማቸው አልነበረም።

እትዬ ወንፊት መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። መብራቱ እንደበራ ነርሶቹ ለማንም በሚመጡበት ፍጥነት መጥተው የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል፤ ቤተሰቡም ከልብ ያመሰግናቸዋል። አንድ ወንድም፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች እንዲሁም ብዙ ተማሪዎች ትተውልን ሄደዋል። የመጀመሪያው የልጅ ልጃቸው ዛሬ ከአባቱ ትከሻ እኩል ደርሶ፣ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ሆኗል።

ፈጣሪ ሆይ፣ እሳቸው ለራሳቸውም ለወገናቸውም ቅድሚያ ለምነው አያውቁም፤ እኛም ዛሬ አንለምንላቸውም። ከእሳቸው በፊት ከመጡት፣ አብረዋቸው ከመጡትና ከኋላቸው ከሚመጡት ሁሉ ጋር ነፍሳቸውን በአንድ ሰላም አሳርፍልን።